መጋቢያችን ወድቀው ነበር፤ ወደ መድረክ ይመለሱ? ቅዳሜ ድምፅ እንሰጣለን

ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ አዳማ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ከሰባቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። ሙያዬ ሒሳብ ነው። በሽማግሌዎች ጉባኤ ውስጥ የተሰጠኝ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝ ሲሆን ሰማያዊ ሽፋን ባለው መዝገብ ዘጠኝ ዓመት ስጽፍ ቆይቻለሁ። ንግግር ስለማልችል የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ ማታ፣ መጋቢያችን ወደ ስብሰባችን ገቡና ገና ሳይቀመጡ «ኃጢአት ሠርቻለሁ» አሉን። ከመዘምራን መካከል ከአንዲት እህት ጋር ስምንት ወር የቆየ ግንኙነት ነበራቸው። በኋላ እንደሰማነው ባለቤታቸው ስልካቸውን አይተው «አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» ብለዋቸው ኖሯል። ይህን የምጽፈው ለማሳጣት አይደለም። በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ «በራሳቸው ፈቃድ ተናዘዙ» ብዬ ስለጻፍሁና እስከ ዛሬ ስላላረምሁት ነው።

ያን ጊዜ የወሰንነው እንዲህ ነበር። ለአንድ ዓመት ከማናቸውም አገልግሎት ይታገዳሉ፤ በየወሩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይገናኛሉ፤ ከባለቤታቸው ጋር የጋብቻ ምክር ይወስዳሉ፤ ደመወዛቸው ለስድስት ወር አይቋረጥም። እሑድ ለምእመናን የተነበበውን ማስታወቂያ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «መጋቢያችን ከአንዲት እህት ጋር በኃጢአት ወድቀዋል፤ ንስሐም ገብተዋል። በጸሎት አስቧቸው» ይላል። ሰብሳቢያችን አንብበው ሳይጨርሱ አዳራሹ ለቅሶ ቤት መሰለ።

አሁን አሥራ አራት ወር ሆኗል። መጋቢው ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው በየካቲት በሚደረገው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ወደ አገልግሎት እንዲመለሱ ጠይቀዋል። ከ340 አባላት የ112ቱ ፊርማ ተያይዟል።

መዝገቡ የሚለውን ልንገራችሁ። ከአሥራ ሁለቱ ወርኃዊ ግንኙነቶች የተገኙት በአምስቱ ነው። በአራተኛው ወር በቴሌግራም የድምፅ ትምህርት ማስተላለፍ ጀመሩ። ስንጠይቃቸው «ስብከት አይደለም፤ የግል ማስታወሻ ነው» አሉን። ማስታወሻው በየሳምንቱ አርባ ደቂቃ ነው። በሌላ በኩል የጋብቻ ምክሩን አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉም፤ ባለቤታቸውም አብረዋቸው አሉ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከወጣቶቹ ጋር የድንኳን ገመድ ሲስቡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ወደ እምነት የመጣሁት በእርሳቸው ስብከት ነው፤ ሦስቱን ልጆቼን ያጠመቁልኝም እርሳቸው ናቸው። ፍርዴ ንጹሕ እንዳይመስላችሁ ነው ይህን የምነግራችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ የገንዘብ ሪፖርት ነበር። የወሩ አሥራት ከ190 ሺህ ብር ወደ 115 ሺህ ወርዷል። ሪፖርቱን አቅርቤ ስቀመጥ ሰብሳቢያችን «እንግዲህ ሁለተኛው አጀንዳ የመጋቢው መመለስ ነው» አሉ። የሁለቱ አጀንዳዎች መከታተል እንዲያው የደረሰ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው በክፍሉ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

ድምፅ የምንሰጠው ቅዳሜ ነው። ሦስቱ ይመለሱ ይላሉ፤ ሦስቱ አይመለሱ። ሰባተኛው እኔ ነኝ። ስለ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ ተደርጎላቸዋል። የምጠይቀው ስለ መድረኩ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጥቅስ ለምትልኩልኝ ምስጋና አቀርባለሁ፤ ጥቅሱን ግን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ልከውልኛል።


ገላትያ ስድስት (ሰኞ ማታ)

ወንድሜ፣ ጥቅስ አትላኩ ብትልም ስሜ ራሱ ጥቅስ ነውና ታገሠኝ። ጳውሎስ የተሳሳተውን በየውሃት መንፈስ አቅኑት አለ እንጂ መዝገብ ክፈቱበት አላለም። አምስት ጊዜ መጣ፣ ሰባት ጊዜ ቀረ እያልህ የምትቈጥረው የሒሳብ ሰው ስለሆንህ ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ግን ኢየሩሳሌም ላይ ቆሞ ሲሰብክ ሦስት ሺህ ሰው ተጠመቀ። ማን ነው ጴጥሮስን ለአንድ ዓመት ያገደው? ዳዊትስ ከዙፋኑ ወረደ?

በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። እኔ ባደግሁበት ከተማ አንድ ወንጌላዊ ስሕተት ሠራ ተብሎ ከአገልግሎት ወጣ። የጠየቀው ሰው አልነበረም። አምስት ዓመት በመጠጥ ቤት ተቀምጦ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ የመጣነው አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ያን ቀን አስከሬኑ ፊት የሰበኩት ያገዱት ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ካየሁ በኋላ ስለ «ሥነ ሥርዓት» ሲወራ ሆዴ ይረበሻል። የአንተ መጋቢ ሚስቱን አልፈታም፤ ቤተ ክርስቲያን ከፍሎ አልወጣም፤ ደብዳቤ ጽፎ ለመነ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?


ሹፌሩ፣ ሜሪላንድ (ማክሰኞ)

ወንድም ጸሐፊ፣ እኔ የእናንተ መጋቢ ነኝ። ማለቴ እርሳቸው የቆሙበት ቦታ ቆሜ አውቃለሁ።

በአዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ስወድቅ ሽማግሌዎቼ ሁለት ዓመት ብለው ወሰኑ። በአምስተኛው ወር አንድ ሌላ ኅብረት የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ ጠራኝ። የሚጠራ አይጠፋም፤ ይህን እወቀው። እናንተ ብትከለክሏቸው እርሳቸውም የሚጠራቸው አያጡም፤ ይህ ፍርሃት ግን ድምፅህን እንዳይወስደው። ያን ቀን መድረኩ ላይ ስወጣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ገና ቃል ሳልናገር! ያ ጭብጨባ ይቅርታ መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ኃጢአት ደገምሁት። በመጀመሪያው ጊዜ ይቅር ያለችኝ ሚስቴ በሁለተኛው ልጆቿን ይዛ ሄደች። «እንድትድን ጊዜ ሰጥተውህ ነበር፤ አንተ ግን ሰው ፊት መቆም ናፈቀህ» ነው ያለችኝ፤ እኔም ይህን እውነት የሚያስተባብል መልስ አልነበረኝም።

ወጣት ሳለሁ የአሜሪካዊውን ሰባኪ የጂሚ ስዋጋርትን የቪዲዮ ካሴት ተውሰን ሌሊቱን ሙሉ እናይ ነበር። እንግሊዝኛው ባይገባንም እንባው ይገባን ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1988 ባተን ሩዥ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በራሱ መድረክ ላይ እያለቀሰ በድያለሁ አለ። ያገለግልበት የነበረው ቤተ እምነት፣ የአሴምብሊስ ኦፍ ጎድ፣ ብሔራዊ አመራር ለአንድ ዓመት ከመድረክ ራቅ አለው። እምቢ አለ፤ ሚያዝያ ላይ ከአገልጋይነት ተሰረዘ፤ በግንቦት ተመልሶ ሰበከ። በ1991 ኢንዲዮ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ከሴተኛ አዳሪ ጋር ተገኘ። በዚያን ጊዜ ለምእመናኑ የነገራቸው ነገሩ የእናንተ ጉዳይ አይደለም የሚል ነበር። በ2025 እስኪሞት ድረስ አገልግሎቱ በእጁ ነበር።

ከስዋጋርት ኑዛዜ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1987፣ ጎርደን ማክዶናልድ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ መጋቢ፣ የአንድ ትልቅ የተማሪዎች ክርስቲያናዊ ኅብረት ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ዝሙት መፈጸሙ ታወቀና ሥልጣኑን ለቀቀ። እርሱ ራሱን በሌሎች ሰዎች እጅ ላይ ጣለ። ከሕዝብ ፊት ራቀ፤ በ1988 እነዚያው ሰዎች በሌክሲንግተን፣ ማሳቹሴትስ፣ በቀድሞ አጥቢያው ጸልየው መለሱት። በ1993 ያችን አጥቢያ እንደገና በመጋቢነት ያዘ። አንዱ ሦስት ወር፣ ሌላው አንድ ዓመት ቆየ ብለህ ወር እንዳትቈጥር። ልዩነቱ ቁልፉ በማን እጅ ነበር የሚለው ላይ ነው። የእናንተ መጋቢ በአራተኛው ወር ላይ ቁልፉን ከእጃችሁ ወስደዋል፤ ቴሌግራሙ ማለቴ ነው።

አሁን ምን እንደምሠራ ትጠይቀኝ ይሆናል። አረጋውያንን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ መኪና እነዳለሁ። እሑድ ደግሞ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን እናቶች ከየቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። አንዳንድ ሰው «መቼ ነው ወደ አገልግሎት የምትመለስ?» ይለኛል። በእኛ ቋንቋ «አገልግሎት» ማለት ማይክሮፎን መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናት ዳዊት ሲደግሙ እየሰማሁ ስነዳ ይህ ምንድን ነው ታዲያ?


የድሮ ሰው፣ ነቀምቴ (ማክሰኞ ማታ)

ልጆቼ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እናገራለሁ።

በ1971 ዓ.ም. ታስረን ነበር። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ግራ እጅህን አንሣና «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» በል። ከሁሉም በላይ ጌታ ነው ብለን እምቢ ያልን ቀረን፤ ያለ ተፈታ። ወንጌላዊያችን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እጁን አነሣ። እግሩ አብጦ መቆም አይችልም ነበር፤ ደግፈው አስነሥተውት ነው ያለው። እኛ የወጣነው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው።

ያኔ ጸሎት በየቤቱ፣ በሌሊት ነበር። አንድ ቀን መጣ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያባረረው የለም፤ «ቃል አካፍለን» ያለውም የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ወደ ውስጥ አልገባም፤ አጥር ሥር ቆሞ የሚመጣውን ሰው ይጠብቅልን ጀመር። ከሁሉም የሚያስፈራው ቦታ እርሱ ነበር፤ ጠባቂው ከተያዘ ሰብሳቢው እርሱ ነው ይባላል። አራት ዓመት፣ ብርዱንም ዝናቡንም እዚያ ቆመ። አስተምር ብንለው «ገና ነው» ይለን ነበር። ያስተማረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ያም ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ለምነውት ነው።

ገላትያ የተባልኸው ልጄ፣ ስለ ጴጥሮስ ያልኸውን ሰምቻለሁ። ጴጥሮስ ፈርቶ ነው የካደው፤ የእኛም ወንጌላዊ እንዲሁ። እሳት አጠገብ፣ ጠላት መካከል። ጴጥሮስ ጌታውን ካደ እንጂ ግልገል አልበላም። «ግልገሎቼን አሰማራ» ተብሎ የታመነው ለዚህ ይመስለኛል። የእነዚህ መጋቢ ግን ማን አስፈራራቸው? በትሩ በእጃቸው ሳለ ከመንጋው አንዷን ነው የወሰዱት። ሁለቱን «መውደቅ» ብለን በአንድ ስም ስለጠራናቸው አንድ አይሆኑም።


የቄስ ልጅ፣ ጎንደር (ረቡዕ)

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሰው ቤት ጉዳይ እንደገባሁ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ አይነሣም። ቄስ ከፈረሰ ፈረሰ። ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፤ ይህን አውቆ ነው የሚሾመው። አጎቴ በወጣትነቱ ፈርሷል። ንስሐ ገባ፣ ቀኖናውን ጨረሰ። ድምፁ ያማረ ስለነበር እስኪያረጅ ድረስ ማኅሌት ቆመ፤ ለክብረ በዓል ከሌላ ደብር ሳይቀር ይጠሩት ነበር። ቅዳሴ ሲገባ ግን መቅደሱን ከውጪ ሆኖ ነበር የሚሳለመው። ኀዘን ነበረበት፤ አልዋሽም። የተናቀበት ቀን ግን አላየሁም። እናንተ ዘንድ ያስቸገረው፣ ሰው መድረክ ላይ ካልቆመ የትም ቦታ የሌለው መሆኑ መሰለኝ።


የተጠመቅሁት (ረቡዕ)

ይቅርታ፣ የእኔ ጥያቄ ትንሽ ነው። እኔንም ያጠመቀኝ በኋላ የወደቀ መጋቢ ነው፤ በዚያው ወራት በኃጢአት ውስጥ ነበር። ጥምቀቴ ይቆጠራል?


መምህር ዘሐዋሳ (ረቡዕ ማታ)

ለተጠመቀው፦ ይቆጠራል፤ አትጨነቅ። ይህ ክርክር አሥራ ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ነው። የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስደት ሲያስነሣ በሰሜን አፍሪካ አንዳንድ ካህናት ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆቹ አሳልፈው ሰጡ። ስደቱ ሲያበቃ ዶናቲስቶች የተባሉት «በእነዚህ ሰዎች እጅ የተሠራ ሁሉ ከንቱ ነው» ብለው ተለዩ። በ314 በአርል (ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ከተማ) የተሰበሰበው ጉባኤ የሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ይጠቅሳሉ። መጻሕፍትን መስጠታቸው በመንግሥት መዝገብ የተረጋገጠባቸው ካህናት ከማዕረጋቸው ይውረዱ፤ እነርሱ የሾሟቸው ሰዎች ሹመት ግን ይጽና አለ። በኋላ አውግስጢኖስም ጸጋው የአጥማቂው ሳይሆን የክርስቶስ ነው ብሎ ተከራከረ። ስለዚህ ያንተ ጥምቀት ይጸናል። ከዚህ ተነሥቶ የአጥማቂው ወንበርም ይጸናል የሚል ግን ጉባኤው ያላለውን ነው የሚለው።

ለገላትያ ደግሞ አንዲት ነገር። «አቅኑት» የተባለው የግሪክ ቃል የዘብዴዎስ ልጆች በታንኳ ውስጥ መረባቸውን ሲያበጁ ማርቆስ የተጠቀመበት ቃል ነው። መረብ የሚበጀው ከውኃ ከወጣ በኋላ ነው።


አንዲት እህት ደግሞ፣ ባሕር ዳር (ሐሙስ ጠዋት)

ጋሽ ጸሐፊ፣ ሁሉንም አንብቤ ጨረስሁ። ጴጥሮስ አለ፣ ዳዊት አለ፣ ሁለት አሜሪካውያን አሉ፣ ዲዮቅልጥያኖስ ሳይቀር አለ። ልጅቷ ግን የለችም። ከነቀምቴው አባት በቀር ስለ እርሷ አንዲት ቃል የተናገረ አላየሁም። እስቲ እርስዎ የመዝገብ ሰው ነዎትና ይመልሱልኝ። ዕድሜዋ ስንት ነበር? ከመጋቢው ጋር እንዴት ተዋወቀች? አሁን የት ናት? አሥራት በ75 ሺህ ብር መውረዱን ያውቃሉ፤ እርሷ መዘምራኑን የተወችበትን ቀን ያውቃሉ?

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። አንድ መምህር ከተማሪው ጋር እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ቢገኝ ማንም «አብረው ተሳሳቱ» አይልም። መምህሩ ይባረራል፤ ተማሪዋ እንዴት እንደምትደገፍ ይታሰባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሆን ግን መጋቢው «ወደቀ»፣ እርሷ «አንዲት እህት» ትሆናለች። ዳዊትን ያነሣኸው ወንድም፣ ናታን ወደ ንጉሡ ሲገባ ስለ ምን ነበር የተናገረው? ስለ ንጉሡ እንባ አልነበረም። ከድሀው ሰው ቤት ስለተወሰደችው አንዲት በግ ነበር።


ገላትያ ስድስት (ሐሙስ)

ስለ እርሷ አላሰብሁም ነበር። ልክድ አልችልም። አሁንም ሰው ለዘላለም ይጣል አልልም፤ የዚያ ወንጌላዊ ቀብር ከዓይኔ አይጠፋም። የናታንን ነገር ግን ሌሊቱን ደግሜ አነበብሁት።


ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ አዳማ (ዓርብ ሌሊት)

የባሕር ዳሯ እህት ከጠየቀችኝ በኋላ መዝገቡን አውጥቼ ቈጠርሁ። በአሥራ አራት ወር ቃለ ጉባኤ ውስጥ መጋቢው 63 ጊዜ ተጠቅሰዋል። «እህት» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ። ከሰባታችን ወደ ቤቷ የሄደ የለም። እኔም አልሄድሁም። ቤቷ ከእኔ ቤት ስድስት መቶ ሜትር አይሞላም ነበር።

ትናንት ከሥራ ስወጣ እናቷን በስልክ ጠየቅሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አሁን ነው የመጡት?» ብቻ አሉኝ፤ ከዚያ አድራሻዋን ሰጡኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። አክስቷ ቤት ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች። ያኔ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነበር። አባቷ በሞቱ በሦስተኛው ወር እንቅልፍ አጥታ ለምክር ወደ መጋቢው ሄዳ ነው የተዋወቀቻቸው። የላክናት እኛ ነን፤ የሐዘንተኞች ጉብኝት ክፍል። ይህም መዝገብ ላይ አለ፤ እኔው የጻፍሁት።

አክስቷ ቡና አፈሉ። ባለቤቴ ጥያቄ መጠየቅ ስትጀምር ልጅቷ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ጋሼ፣ ያን ማስታወቂያ ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኋት።

«‹ወድቀዋል› ያሉት ለእርሳቸው በአንቱታ ነው ወይስ ለሁለታችን?»

መልስ አልነበረኝም። ስጽፈው አላሰብሁበትም። እኔ ልማዴ ሆኖ በአንቱታ ነው የጻፍሁት፤ ሰሚው ግን በብዙ ቁጥር ሊሰማው እንደሚችል ለአንድ አፍታ እንኳ አልመጣልኝም።

«እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ» አለች። «ሁለታችንን መስሎኝ ነው የሰማሁት። ‹ንስሐም ገብተዋል› ሲባል ግን እርሳቸውን ብቻ እንደሆነ ገባኝ። እኔንማ ማን አነጋግሮኝ?»

ይመለሱ አይመለሱ ብዬ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት «ድምፁን እኔ ላይ አትጣሉት» አለች። ይህን ሁሉ እዚህ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ከተማዋን ግን አልጽፍም።


ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ አዳማ (እሑድ ማታ)

የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከድምፁ በፊት ሁለት ቃለ ጉባኤ እንዲታረም ጠየቅሁ። አንደኛው «በራሳቸው ፈቃድ ተናዘዙ» የሚለው፣ ሁለተኛው ማስታወቂያው። አንድ ሽማግሌ «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይነካም» አሉ፤ በሒሳብ ግን የተሳሳተ መዝገብ በማስተካከያ እንደሚታረም አስረዳሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሰብሳቢያችን የሐዘንተኞች ጉብኝት መዝገቡን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አንብቤ ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አልመለሱትም።

አራት አይመለሱ፣ ሁለት ይመለሱ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። እኔ ከአራቱ ነኝ። ደብዳቤውን ከሰብሳቢያችን ጋር ሆነን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰጠናቸው። አንብበው «ስንት ወር?» አሉ። ደብዳቤው ላይ ቁጥር የለም። ባለቤታቸው ደብዳቤውን ከእጃቸው ወስደው አነበቡና በሩ ድረስ ሸኙን፤ ምንም አላሉም። አሥራቱ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ የሚቀጥለውን ሪፖርት ሳዘጋጅ አየዋለሁ።

የተስተካከለው ማስታወቂያ የሚነበበው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ስምንት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት። ዘጠነኛውን በስልክ አነበብሁላት፦ «መጋቢያችን በሐዘን ጊዜዋ እኛ ለምክር ወደ እርሳቸው በላክናት በአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ላይ በደል ፈጽመዋል። እኛም ሽማግሌዎች አሥራ አራት ወር አልጠየቅናትም።»

«‹ፈጽመዋል› የሚለው በአንቱታ ነው» አልኋት።

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለች።